ቁጥር አምስት ተይዟል

ሰኞ

አክስቴ ዛሬ ቤታችን ውስጥ መንፈስ እንዳለ በይፋ አወጀች። አዋጁ የወጣው በምሳ ሰዓት፣ አፏ ዳቦ እንደሞላ ነው። ቤት ውስጥ ስሟ ሬዲዮ ነው። ስሙን ያወጣንላት እኔና ወንድሜ ነን፤ ባትሪ ሳይቀየርላት ከጠዋት እስከ ማታ ስለምትሠራ።

«ጆሯችሁ ተደፍኖ ነው እንጂ፣ ሲመሽ እታች ወርክሾፕ ውስጥ ይንኳኳል» አለች። «ኳ ኳ ይልና፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኳ። እንደዚያ የሚያንኳኳው ማን እንደነበረ ልንገራችሁ እንዴ?»

ንገሪን ያላት የለም። አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። እማዬ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሥታ ሄደች። እኔ «መንፈሱ ምሳ በልቷል ወይ?» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

እንደዚያ የሚያንኳኳው ወንድሜ ነበር። ሁለቴ ፈጠን አድርጎ፣ ከዚያ አንዴ ዘግየት አድርጎ። ዕድሜ ልኩን ቁልፍ ይዞ ወጥቶ አያውቅም፤ በር ከፋቿ እኔ ነበርኩ።

«ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ይሁን።

ማክሰኞ

መንፈስ የለም።

ሲመሽ የእርሳስ መቅረጫዬን ፍለጋ ወደ ወርክሾፑ ወረድኩ፤ እግረ መንገዴን ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። ኳ ኳ። ኳ። አሮጌው የጥልፍ ማሽን ነው። መርፌውን የያዘው ጭንቅላቱ ሁለቴ ብድግ ብድግ ይልና ወደ ጥግ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ።

ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ሁለቱ ግን በቀጥታ ስለማይግባቡ መሃላቸው አስተርጓሚ ፕሮግራም አለ፣ ድራይቨር የሚሉት። የኛን የጻፈው ወንድሜ ነው፤ የፋብሪካው ድራይቨር የሬዲዮን ዕድሜ የሚያህል አሮጌ ኮምፒውተር ካልተሰጠኝ አልሠራም ስላለ። ማሽኑ ብዙ ሰዓት ሥራ ካላገኘ ጭንቅላቱን ወደ ቦታው መልስ ይላል ፕሮግራሙ። አባዬ አሁን አሁን ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚያቆም ሰዓቱ የሚሞላው ሊመሽ ሲል ነው። ድሮም ሳያንኳኳ አልቀረም፤ ያኔ ወርክሾፑ እስከ ማታ ስለሚሠራ ሰዓቱ የሚሞላው ሁላችን ከተኛን በኋላ ነው፤ ማንም አልሰማውም።

ይህን ሁሉ ለሬዲዮ ማስረዳት እችል ነበር። ግን እረፍት ላይ ነኝ፤ በነጻ አላስተምርም።

መቅረጫው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ

ሁለተኛ ማሽን መጣ። አባዬ ከአንድ የተዘጋ ወርክሾፕ ነው ያገኘው። ስድስት መርፌ አለው፤ አሮጌው አንድ ብቻ። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሸሚዝ በሙሉ ኪሱ ላይ ዓርማ ይጠለፍበታል፤ ጠላፊዎቹ እኛ ነን፤ ትምህርት ሊከፈት ነው።

ምክትል ዳይሬክተሯ ራሳቸው መጡ። «የደረሰባችሁን እናውቃለን» አሉ፣ ቦርሳቸውን እንደታቀፉ። «ግን ልጆቹ ባዶ ኪስ ይዘው አይገቡልኝም። ካልደረሰ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

አባዬ በር ድረስ እየሳቀ ሸኛቸው። ከዚያ ለእማዬ «ይሄ ካመለጠን ወርክሾፑን እዘጋለሁ፤ ፋብሪካ እቀጠራለሁ» ሲላት ሰማሁ። ሰማሁ እንጂ አላዳመጥኩም። በሩ ስስ ነው።

አርብ

ኢንጂነሩ መጡ። የአባዬ ጓደኛ ናቸው፤ ቴሌቪዥን ይጠግናሉ። ማዕረጉን የሰጡት ራሳቸው ለራሳቸው ነው። ለሳቸው የሁሉም ነገር በሽታ ቮልቴጅ ነው። የሬዲዮን ጉልበት ሕመም ሳይቀር አንድ ጊዜ ቮልቴጅ ነው ብለዋታል፤ አመስግናቸዋለች።

አዲሱ ማሽን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት ካርድ አለው። ኮምፒውተሩ ሦስት የካርድ ማስገቢያ አለው፤ አንደኛውን የአሮጌው ማሽን ካርድ ይዞታል። ኢንጂነሩ ሦስተኛውን መረጡ።

«ጋሼ፣ ካርዱን ገልብጠው ነው የያዙት።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አባትሽ ፀጉር ነበረው።»

ገፉት። ቀጭ አለ። ካርዱ በተአምር ተረፈ፤ ማስገቢያው ግን ለሁለት ተሰነጠቀ።

«ቮልቴጅ ነው» አሉ።

አሁን የቀረን መሃለኛው ብቻ ነው።

አርብ ማታ

መሃለኛውም አልሆነ። ካርዱ ገባ፣ ማሽኑ በራ፣ አብሮት የመጣውን ድራይቨር ጫንኩ። ሲስተሙ አንድ መስመር ጽፎ በሩን ዘጋብኝ። ቁጥር አምስት ተይዟል።

ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። ድራይቨር የፈለገውን ዝም ብሎ አይወስድም። ቤታችን ያለው አንድ መታጠቢያ ቤት እንደሆነ ሁሉ ኮምፒውተሩም ያለው ነገር የተወሰነ ነው፤ ይህን ያህል ሚሞሪ፣ ይህን ያህል የጥሪ መስመር። በጥሪ መስመሩ ማሽኑ «ይህቺን ስፌት ጨርሻለሁ፣ ቀጣዩን ስጡኝ» እያለ ይደውላል። ድራይቨሩ መጀመሪያ ሲስተሙን ያስፈቅዳል። ሲስተሙ ያይና ነጻ ከሆነ በስሙ ይይዝለታል። ሲጨርስ ደግሞ መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ፣ ሬዲዮ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፋ ስትዘፍን ማለት ነው፤ የቀረነው ፎጣ ትከሻችን ላይ ጥለን እንቆማለን።

ይሄ ኮምፒውተር ሲሠራ አንደኛውና መሃለኛው ማስገቢያ በአንድ መስመር እንዲደውሉ ተደርጎ ነው። መስመሩ ቁጥር አምስት ነው። በማን እንደተያዘ ጠየቅኩት። ወንድሜ ለድራይቨሩ የራሱን ስም ነው የሰጠው፤ ትሕትና አያውቅም ነበር። ስሙ እስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ከጎኑ ቁጥር አለ፣ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተጠራ የሚቆጥር። ቁጥሩ እያየሁት ጨመረ።

እስክሪኑን አጠፋሁት። ዓይኔን ደክሞኝ ነው።

ቅዳሜ

ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተከምሯል። ድሮ ቢሆን እማዬ ከላይ ሆና «የማን ነው ይሄ ብርጭቆ?» ትላለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው ታላቁን ነው። «የኔ አይደለም» ይላል፣ ሻዩ ገና ከንፈሩ ላይ ሳይደርቅ። ከዚያ ተራው የኔ ይሆናል። ልጆቹ ሁለት ብቻ ስለሆንን ምርመራው እዚያው ያልቅና አጥባለሁ።

አሁን አትጠይቅም። ብርጭቆው ይከመራል።

እሑድ

አስወጣሁት። ድራይቨር ማስወጣት አንድ ትእዛዝ ነው፤ ጻፍኩ፣ ወጣ። አዲሱን ጫንኩ። ቁጥር አምስት ተይዟል።

በማን? በሱ ስም። ፕሮግራሙ የለም፣ ስሙ አለ።

ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ሲገባ መስመሩን ይጠይቃል፤ ሲወጣ ልቀቅ የሚል ነገር የትም አልጻፈም። ወስዶ አለመመለስ! የብስክሌቴን መንፊያ እንደዚሁ፣ መቀሴን እንደዚሁ። ግራጫ ሹራቤን ደግሞ ያን ቀን ለብሶት ነው ሞተር ላይ የወጣው። ሹራቡም አልተመለሰም።

ይህን እያሰብኩ አሮጌው ማሽን በመስመሩ ደወለ። ሲስተሙ ጥሪውን ይዞ ስሙ ወዳለበት ሄደ። እዚያ ማንም የለም። ኮምፒውተሩ ባለበት ድርቅ አለ፤ ማውሱ አይንቀሳቀስ፣ ቁልፉ አይሰማ። ወርክሾፑ ውስጥ የኔ ትንፋሽ ብቻ ቀረ።

አጥፍቼ አስነሣሁት። ሲነሣ የሱ ድራይቨር ከማንም ቀድሞ ገብቶ ቁጥር አምስትን ያዘ። ምንም እንዳልተፈጠረ።

ማክሰኞ

ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሱ ድራይቨር እንዳይገባ አደረግኩ። አዲሱ ጠየቀ፣ ተሰጠው። ስድስቱ መርፌ በአንዴ ይወርዳል። አባዬ አፏጨ። ኢንጂነሩ ቮልቴጁ እንደተስተካከለ ገለጹልን። ኪስ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ኪስ።

ማክሰኞ ማታ

ሥራ ቆሞ ሁሉም ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ክር መደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ፤ ሰማያዊ ክር ስቆጥር። እማዬ ወረደች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቀን ቀን እዚህ ወርዳ አታውቅም። በርጩማውን ስባ አሮጌው ማሽን ፊት ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ክሊኒክ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። ርቀቱን ታውቀዋለች። በርጩማውን ስታስቀምጥ ወለሉን እንኳ አላየችም።

ደንግዝግዝ አለ። ምንም አልተንኳኳም።

ልነግራት እችል ነበር። «እማዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት ብቻ ነው። ክር ቆጠርኩ።

ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇን ማሽኑ ላይ አደረገች፤ እኔ ሲያመኝ ግንባሬን እንደምትነካው፣ በመዳፏ ጀርባ። «ዛሬ ቀረ» አለች።

ለካ መቅረጫ የሚጠፋባት ሌላም ሰው ነበረች።

ረቡዕ

የሱን ድራይቨር መለስኩት።

«ማሽኑ ምን ሆነ ደግሞ?» አለ አባዬ።

«ቮልቴጅ ነው።»

ኢንጂነሩ በኩራት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አርብ

አሮጌው ማሽን ብቻውን። አንድ መርፌ። ምክትል ዳይሬክተሯ ደወሉ። አባዬ «እየደረሰ ነው» አላቸው። እየደረሰ አይደለም።

በስሱ በር በኩል፦

«ልጅቷ መላውን ታውቃለች» አለ አባዬ። «አትነካውም እንጂ።»

«ተዋት።»

«እኔ ልተዋት። ትምህርት ቤቱ ግን አይተወንም።»

«አንተስ ታስወጣዋለህ?» አለች እማዬ።

አልጋው ሲጢጥ ሲል ብቻ ሰማሁ።

እሑድ ማታ

ዛሬ የሱን ወፍራም መጽሐፍ አነበብኩ። በእረፍት ጊዜ ወፍራም መጽሐፍ! ክፍሉ ገብቼ ስወስደው መደርደሪያው ላይ የመጽሐፉ ቅርጽ አቧራ ውስጥ ቀረ። በሩን መልሼ ስዘጋ፣ ይቅርታ፣ አንኳኳሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሲወጣ አያንኳኳም።

መጽሐፉ እንዲህ ይላል። አንድ የጥሪ መስመር ለሁለት ድራይቨር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ግን ሲጠይቁ ገና ከመጀመሪያው «እጋራለሁ» ማለት አለባቸው። አንዱ «ለብቻዬ» ካለ ሌላው በሩ ላይ ይቀራል። የአዲሱን ማሽን ድራይቨር አየሁ፤ እጋራለሁ ይላል። የወንድሜን አየሁ። ለብቻዬ።

ያኔ ማሽን አንድ ብቻ ነበረ፤ ከማን ጋር ይጋራል? ክፉ አይደለም። ሌላ ይመጣል ብሎ አላሰበም።

የምቀይረው አንድ ቃል ነው። እሱ ከጻፈው እስከ ዛሬ ይህን ፋይል የነካው የለም። ፋይሉ መጨረሻ የተቀየረበትን ቀን ኮምፒውተሩ ያሳያል፣ የሱን ቀን። እኔ አንድ ፊደል ብነካ ያ ቀን ይጠፋል፤ የዛሬ ይሆናል።

ተኛሁ ብዬ ነበር። አልተኛሁም። ነገ።

ሰኞ

ቀየርኩት። ሁለቱም ገቡ፣ ተይዟል ያለ የለም። አዲሱን ማሽን አስነሣሁ፤ ስድስቱ መርፌ ወረደ።

አሮጌውም ተነሣ።

ማንም አላዘዘውም። ክር የለው፣ ጨርቅ የለው፣ ባዶ አየር ይሰፋል። አዲሱ አንዴ በወጋ ቁጥር አሮጌው ከጎኑ አንዴ ይወጋል። ሬዲዮ ሻይ ይዛ በዚያች ቅጽበት ገባች። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ክብር ይግባትና አልሰበረችውም፤ ከዚያ ክር ጥቅሎቹ ላይ ተቀመጠች።

«አልኳችሁ» አለች በቀስታ። «አልኳችሁ እኮ።»

ይህችን ሴት በቀስታ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አባዬ አሮጌውን ማሽን እያየ ነበር፤ ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ አጠፋሁት።

ኢንጂነሩ እንኳ ቮልቴጅ ነው አላሉም።

ሰኞ ማታ

ገባኝ። መስመሩ የጋራ ሲሆን ስልኩ ሲጮኽ ሲስተሙ ሁለቱንም በተራ ይጠይቃል፣ ቀድሞ ከተመዘገበው ጀምሮ። የተጠየቀው ድራይቨር መጀመሪያ ካርዱን ማየት አለበት፤ የደወለው የኔ ማሽን ነው? ካልሆነ «የኔ አይደለም» ብሎ መመለስ። የወንድሜ ፕሮግራም ይህን አያውቅም። መስመሩ ላይ ለብቻው ስለነበረ የመጣው ጥሪ ሁሉ የሱ ነው። ስለዚህ በተጠራ ቁጥር ተነሥቶ ይሠራል፤ ክር ይኑረው አይኑረው፣ ይፈለግ አይፈለግ።

ዕድሜውን በሙሉ ብርጭቆ ሲጠየቅ «የኔ አይደለም» ያለ ሰው፣ እዚህ ጋ ማለት ያቅተው?

ጻፍኩለት። ካርድህን እይ፤ ያንተ ማሽን ካልደወለ የኔ አይደለም በል። መውጫው ላይም መስመሩን ልቀቅ የሚለውን ጻፍኩ፤ አንድ ቀን ለሚያስፈልገው ሰው። ውጣ የሚለውን ትእዛዝ ግን እኔ አልሰጥም።

ፋይሉ የዛሬን ቀን ያሳያል። ይሁን አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ነው ይሁን ያልኩት።

ረቡዕ

ይሠራል። አዲሱ ይወጋል፣ አሮጌው ዝም። ኪስ። ኪስ። ሬዲዮ እንኳ ተቀምጣ ክር ትበጥሳለች፤ ለማሽኑ ግን ጀርባዋን አትሰጥም።

ሐሙስ

እማዬ ወረደች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በሰው ፊት። አባዬ ሸሚዝ ማጠፉን ቀጠለ፤ አንዱን ሦስት ጊዜ አጠፈው። እኔ ጎን መጥታ ቆመች።

«አስወጣሽው?»

«አላስወጣሁትም። አለ።»

«ትናንት ሲመሽ ሰማሁት» አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ፣ «ማሽኑ መሆኑን አውቃለሁ እኮ። አክስትሽ መሰልኩሽ? እንዲያ እንዲንኳኳ ያደረገው እሱ ነው ብዬ ነው የምወርደው።»

ጭንቅላቱ እንዲያ እንዲንኳኳ ያደረገው ሆን ብሎ ይሁን በአጋጣሚ፣ ከኮዱ ማወቅ ይቻላል። አይቼዋለሁ። አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝም።

«አሁን ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ?»

«ጥሪ ሲመጣ ሲስተሙ በተራ ይጠይቃል። መጀመሪያ ቀድሞ የገባውን፣ እሱን።»

«ምን ብሎ?»

«ይሄ ያንተ ነው? ብሎ።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«የኔ አይደለም ይላል። ከዚያ ወደ ታናሹ ያልፋል።»

እማዬ አዲሱን ማሽን አየች። በአንድ ኪስ ስንት ጊዜ እንደሚወጋ ታውቃለች፤ ዓርማውን የሳለችው እሷ ናት። «በእያንዳንዱ ስፌት?»

«በእያንዳንዱ።»

አፏን በእጇ ያዘች። ሳቋን ከረሳሁት ቆይቼ ስለነበር ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም።

«ድሮስ» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች፤ «መቼ የሱ ሆኖ ያውቃል።»

ቅዳሜ

የመጨረሻው ሸሚዝ ሄደ። ምክትል ዳይሬክተሯ አንዱን ኪስ በጥፍራቸው ፋቁት፤ አልተፈታም፤ ለሚቀጥለው ዓመትም እናንተው ናችሁ አሉ። አባዬ ከተቀመጠበት እንቅልፍ ወሰደው። ኢንጂነሩ ለሰፈሩ ሁሉ ካርዱን ማን እንደገጠመ እየተናገሩ ነው። ገጥመዋል፤ አልዋሹም።

ሊመሽ ሲል ደረጃው ላይ ነበርኩ። ምንም ነገር አልጠፋብኝም፤ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነው። ኳ ኳ። ኳ።

ከዚያ ከላይ፣ ከወጥ ቤት፦

«የማን ነው ይሄ ብርጭቆ?»

ወዲያው አልመለስኩም። መጀመሪያ የሚጠየቀው እኔ አይደለሁም። አንድ ሰው «የኔ አይደለም» ለማለት የሚፈጅበትን ያህል ዝም አልኩ፤ እማዬም ያን ያህል ጠበቀች፤ ደግማ አልተጣራችም። ከዚያ ተራዬ ደረሰ።

«የኔ ነው» አልኩ።

ወጥቼ አጠብኩት። የሬዲዮ ነበር፤ ጠርዙ ላይ የከንፈሯ ቀለም አለበት።